ካርቶኑ የሚቀመጠው ሱቅ ውስጥ ነው፦ የሰፈር ጌጥና የሰፈር ሱቅ ይብቃን ላሉን ጸሐፊ ምላሽ

ከገብርኤል ማግስት ጀምሮ አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ አምስት ጊዜ ደረሰኝ። አንዱን እህቴ ላከችልኝ። አንዱን የሥራ ባልደረባዬ። ሦስቱ ከእድር፣ ከሰፈርና ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ግሩፕ መጡ። የሚያወራው እዚሁ ሐዋሳ በበዓል ሰሞን ሰፈር ስለማስጌጥና ከሰፈር ሱቅ ስለመግዛት ነው። መልእክቱ ባጭሩ፣ ሁለቱም ይብቃን የሚል ነው።

ጽሑፉ በደንብ ተጽፏል። ጸሐፊው ከተማዋን የሚወዱ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። እኔ ግን በአብዛኛው አልስማማም። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ትናንት ማታ ግን የሰፈራችን ልጆች የተበጠሰ የመብራት ገመድ ሲቀጥሉ ደረስኩ። አንዱ ጽሑፉን አንብቦት ኖሯል። መሰላሉ ላይ እንደቆመ «እውነት ግን ብር እያባከንን ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ተቀምጬ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ስድስት ነገር ነው ያነሱት። አንደኛ፣ ለመብራትና ለሪባን የሚወጣው ብር ባክኖ ይቀራል፤ የሰፈር ቦይ ቢጠረግበት ይሻላል ይላሉ። ሁለተኛ፣ መዋጮው በፈቃድ ስም የሚሰበሰብ ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ የሰፈር ሱቅ ውድ ነው፤ ብልህ ሰው ከጅምላ፣ ከበዓል ባዛር ወይም በቴሌግራም ይገዛል፤ ለባለሱቅ አዝኖ መግዛት ምጽዋት ነው። አራተኛ፣ መብራቱ ኃይል ይበላል፣ አደጋም አለው። አምስተኛ፣ ፕላስቲኩ መጨረሻው ሐይቁ ውስጥ ነው። ስድስተኛ፣ የገና ዛፍና የሚብለጨለጭ መብራት ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፤ ደግሞም መንገድ የሁሉም ስለሆነ የአንድ ወገን በዓል ሊሰቀልበት አይገባም።

በብር ልጀምር።

የእኛ ቅያስ ጌጥ በሙሉ አንድ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ይገባል። ካርቶኑ የሚቀመጠው የሰፈራችን ሱቅ ውስጥ ነው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሳሙናው በላይ። ውስጡ አራት የመብራት ገመድ አለ። እያንዳንዱ እንዳይቋጠር በጣውላ ቁራጭ ላይ ተጠምጥሟል። ከሥሩ ከጨርቅ የተሰፉ ትንንሽ ባንዲራዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ፀሐይ ስለመታቸው ቀለማቸው ለቋል። የሰፋቸው መንገድ ዳር ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሠራው ልብስ ሰፊያችን ነው። ከደንበኞቹ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በነፃ ሰጠን፤ የከፈልነው የእጁን ብቻ ነው።

መብራቱን ከገዛነው ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው። በያመቱ አዲስ የሚገዛው ናስትሮ፣ አንዳንዴ አንድ ሶኬት፣ ከዚያ ቄጠማ ነው። ቄጠማውን የምንገዛው በዋዜማው ጠዋት ጥግ ላይ ተቀምጠው ከሚሸጡት እናቶች ነው። ጤዛው ገና ሳይደርቅ ነው የሚያመጡት። እስሩን ሲፈቱት ውሃው ቀሚሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። ታዲያ ይህ ብር የት ባከነ? ለልብስ ሰፊው ደረሰ። ለቄጠማ ሻጯ ደረሰ። ናስትሮው የተገዛው ደግሞ ከዚያው ከሱቁ ነው። ቄጠማ ሻጯ በዚያው ብር ከሱቁ ስኳር ገዝታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ብሩ ከሰፈር ሳይወጣ ሦስት አራት እጅ ነካ።

የቦዩን ነገር በተመለከተ፣ ጸሐፊው ጌጡንና ቦዩን ያጋጩት ያለ ምክንያት ነው። የእኛን ቦይ ክረምት ከመግባቱ በፊት የጠረጉት እነዚሁ መብራት የሚሰቅሉት ልጆች ናቸው። ሰው መሰብሰብና አካፋ መዋስ የለመዱት በጌጡ ነው። መብራቱ ቢቀር ያ ብር ወደ ቦዩ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ መዋጮ ሰብስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰው ለቦይ የሚያዋጣው በጌጥ ጊዜ የተማመነውን ጎረቤቱን አምኖ ነው።

በሁለተኛው ነጥብ ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስም ዝርዝር ይዤ ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነበርኩ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ አራት ልጆች በተከራዩት አንድ ክፍል በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። አንዷ ቦርሳዋን ከፍታ ዝርዝር ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። በማግስቱ ጠዋት ጓደኞቿ ትራንስፖርት ሲይዙ እሷ በእግሯ ስትሄድ አየኋት። የሰጠችኝ የትራንስፖርቷን ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እምቢ ማለት ያልቻለችው በዝርዝሩ ምክንያት ነው። የጎረቤቶቿ ስምና የከፈሉት እዚያው እጄ ላይ ይታያታል።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ተውነው። አሁን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳኑን ሰንጥቀን ሱቁ ላይ አስቀምጠናል። የፈለገ ይጨምራል። ማን ስንት እንደጨመረ፣ ማን እንዳልጨመረ ማንም አያውቅም። ጸሐፊው ያነሱት ችግር የአሰባሰቡ ነው። አሰባሰቡን ማስተካከል ይቻላል። ሌላ ሰፈር አሁንም በዝርዝር የሚዞሩ ካሉ፣ የጸሐፊውን ትችት ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ። ይኼኛው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ውድ ነው የሚለው በከፊል ልክ ነው። የእኛ ሱቅ ውስጥ ዘይቱም ስኳሩም ከጅምላ መሸጫው ከፍ ይላል። በበዓል ዋዜማ ዋጋ የሚቆልሉ፣ ሚዛን የሚያጎድሉ ባለሱቆችም አሉ። ለነሱ ጥብቅና አልቆምም። ከእንደዚህ ዓይነቱ ሱቅ አለመግዛት የማንም መብት ነው።

ግን ዋጋ ማለት ዕቃው ላይ የተጠራው ብር ብቻ አይደለም። እንበልና አምስት ሊትር ዘይት ጅምላ መሸጫው ጋ 80 ብር ቀነሰ። መሄጃው ባጃጅ ነው። ጄሪካንና ዘምቢል ይዞ ከሰው ጋር ተጣቦ መመለስ ስለማይመች ሲመለሱ ኮንትራት ይያዛል። 80 ብሩ መንገድ ላይ አለቀ። ግማሽ ቀንም አብሮ ሄደ። የወር አስቤዛ ለሚገዛ ሰው ያዋጣል፣ እሱን አልክድም። እኔም በወር አንዴ ሰኞ ወይም ሐሙስ ገበያ እወጣለሁ። ለአንድ ኪሎ ስኳር ግን ማንም እዚያ ድረስ አይሄድም።

ጅምላ ለመግዛት ደግሞ ጅምላ ብር ያስፈልጋል። ጸሐፊው ይህን የረሱት ይመስለኛል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠርና ከዙሪያው ከተሞች መጥተው በየሰፈሩ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ደመወዛቸው ወር ቆጥሮ ይመጣል፤ ራት ግን በየቀኑ ነው።

አንድ ምሽት ሱቁ በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከፈረቃ የተመለሰች ልጅ ባዶ ሃይላንድ ይዛ መጣች። ሩብ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ የአሥር ብር በርበሬ ጠየቀች። ባለሱቋን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። እትዬ ዘይቱን ቀስ አድርገው ሃይላንዱ ውስጥ ቀዱላት። በርበሬውን በጋዜጣ ጠቀለሉ። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስከ ደመወዝ ይጻፉብኝ እትዬ» አለች። እትዬ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም፤ ሌላ ሰው ፊት እንዳታፍር ይመስለኛል። ጠርዙ በዘይት የወዛውን ደብተር አወጡና ጻፉ። «ሽንኩርቱን ጨምሬልሻለሁ፣ አንዱ ትንሽ ነው» አሏት።

ሩብ ሊትር ዘይት በዱቤ የሚሸጥ ጅምላ መሸጫ የለም። ባዛርም የለም። ከዚህ በኋላ ምጽዋት የሚለውን ቃል እንደገና እንየው። እኛ ለእትዬ ምጽዋት አልሰጠንም። እሳቸው ናቸው ያለ ወለድ ለሰፈሩ ሲያበድሩ የኖሩት። የዕቃው ዋጋ ላይ የምታዩዋት ጭማሪ የዚያ ደብተር ዋጋም አለባት። ወስዶ የማይከፍልም አለና።

ባዛርን አልጠላም። ምርጫ ያበዛል፣ ለልጆች ልብስ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ነጋዴውንም ያነቃዋል። ግን አንድ ነገር ደርሶብኛል። ባለፈው ዓመት ከአንድ የበዓል ባዛር የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ። በአራተኛው ቀን ተቃጠለ። ይዤ ስመለስ ድንኳኑ ተነስቷል። ሜዳው ላይ የቀረው ገመድና የተቀደደ ካርቶን ነበር። ለማን ልናገር? በዚያው ሰሞን ከእትዬ የገዛሁት አምፖል አንድ ሌሊት ሳያበራ ሞተ። ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ደረሰኝ አልጠየቁኝም። ከመደርደሪያው ሌላ አወረዱ፣ ሶኬት ላይ ሞክረው ሰጡኝ። እትዬ ነገም እዚያው ናቸው። እድራችን አንድ ነው። ሊሸሹኝ አይችሉም፤ እኔም ልሸሻቸው አልችልም።

የቴሌግራም ግዢም ቦታ አለው። ጫማና ስልክ እገዛበታለሁ። ክብሪት ግን አያመጣልኝም። የቤቴን ቁልፍ ለልጄ አያስቀምጥልኝም።

የጌጡና የሱቁ ነገር የሚገናኘውም እዚህ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ለየብቻ አንስተው ለየብቻ ጣሏቸው። በእኛ ቅያስ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። መብራቱ የሚሰካው በሱቁ መስኮት ነው። ቆጣሪው የእትዬ ነው። መሰላሉ የሳቸው ነው። ካርቶኑን ዓመት ሙሉ ከአይጥና ከዝናብ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። መብራቱ ደግሞ ለሱቁ ይመልሳል። የእኛ ቅያስ የመንገድ መብራት የለውም። በሌላ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሰው ጥግ ጥጉን ይዞ ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል። በነዚህ ቀናት ግን መንገዱ እስከ 4 ሰዓት ሰው አለው። የጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ሁለተኛ ረከቦት ታወጣለች። ቆሎ ሻጯ ትቆያለች። ከማታ ፈረቃ የሚመለሱት ልጆች ተሰባስበው መሮጥ ቀርቶላቸው እየተጫወቱ ያልፋሉ። ሱቁ ቢዘጋ መብራቱን የሚሰካው ማነው? መብራቱ ቢቀር ማን በዚያ ጨለማ ለሩብ ሊትር ዘይት ይወጣል?

ሐዋሳ ላይ ይህ ወቅት አጭር አይደለም። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ከተማው ከአዲስ አበባና ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምእመን ይሞላል፤ አልጋ ይጠፋል። በአሥረኛው ቀን ገና ይመጣል። ከዚያ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጥምቀት። 22 ቀናት ማለት ነው። ለአንድ ትንሽ ሱቅ እነዚህ ቀናት የዓመት ኪራይ የሚሟላባቸው ናቸው።

የኃይሉን ጉዳይ በሒሳብ ልጨርሰው። የእኛ ዓይነት የኤልኢዲ ገመድ አንዱ 6 ዋት ገደማ ይወስዳል። አራቱ 24 ዋት። በቀን 4 ሰዓት፣ ለ22 ቀናት ቢበራ 2.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። አንድ ቤት አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገር፣ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ወቅት ከሚበላው ይበልጣል። አደጋውን ግን በቀላሉ አላየውም። የተላጠ ገመድ ልጅ ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ መንጠልጠልም ሆነ ከመስመር ጠልፎ መውሰድ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። እኛ የሚቀጥልልን ከልጆቹ መካከል ኤሌክትሪሺያን የሆነው ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ ሶኬቱ ይነቀላል።

ሐይቁን በተመለከተ ለጸሐፊው እጄን ሰጥቻለሁ። እንዲያውም ካሉት በላይ ነገሩ ከባድ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ወደ ሌላ ቦታ የሚጠርግለት ስለሌለ የገባው ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። በአንድ ዝናብ ከቦያችን የሄደው ሪባን ዓሣ የምንበላበት ውሃ ውስጥ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዶ መረብ ሲጎተት ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። የፕላስቲክ ሪባንም ከዚያ አይሻልም።

ስለዚህ መፍትሔው ጨርቅ፣ ቄጠማና ዘንባባ ነው። ጨርቁ ይታጠባል፣ ካርቶኑ ውስጥ ይመለሳል። ቄጠማው ሲደርቅ ከብት ይበላዋል ወይም ይበሰብሳል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጸሐፊው ስለ ፕላስቲክ ይህን ያህል ካሰቡ፣ ከባዛርና በቴሌግራም ግዙ የሚሉን እንዴት ነው? ከዚያ የሚመጣው ዕቃ ፌስታል ውስጥ ያለ ፌስታል ነው። እትዬ ዘይት የሚቀዱት ደንበኛዋ ራሷ ይዛው በመጣችው ሃይላንድ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የፈረንጅ ነው የሚለው ነው። የፕላስቲክ ጥዱን ይውሰዱት፣ አልሟገትበትም። በረዶ የሚመስል ጥጥ ሐዋሳ ፀሐይ ላይ ለእኔም አይዋጥልኝም። ግን ለበዓል ቤትንና ደጅን ማስጌጥን ከማንም አልተማርነውም። ቄጠማ የምንጎዘጉዘው ከመቼ ጀምሮ ነው? አደይ አበባ ማሰር፣ ለደመራ ችቦ ማብራት፣ ለሆሳዕና ዘንባባ ጣት ላይ ማጥለቅ የማን ነው? መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ፣ ሰው ወደ አደባባይና ወደ መንገድ ወጥቶ የሚያከብራቸው በዓላት ስለሆኑ ጭምር ነው።

የአንድ ወገን ነው ለሚለው ደግሞ መልሱ እትዬ ናቸው። እትዬ ሲዳማ ናቸው፣ ፕሮቴስታንት ናቸው። ገብርኤልን አያነግሡም። ካርቶኑን ግን አራት ዓመት ጠብቀዋል፤ የመብራቱንም ይከፍላሉ። አንዴ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «በዓሉ የእናንተ ነው፤ መንገዱ ግን የእኔም ነው» አሉኝ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ያው መብራት እንደገና ይወጣል። ቀኑን አያንቱ የሚባሉት የሲዳማ ቀን ቆጣሪ ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ስለሚቆርጡት በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ልጆቹ «እትዬ፣ መቼ ነው?» እያሉ ይጨቀጭቋቸዋል። የዚያን ቀን ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ገበታ ቀርቦ ከየቤቱ የሄደ ሰው አብሮ ይበላል። በኢድ ዋዜማም መስጊዱ ወዳለበት ጥግ አንዱን ገመድ የሚያዞሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። መንገድ የሁሉም ነው ማለት ባዶ ይሁን ማለት ነው ብዬ አላምንም። ሁሉም በተራው ያብራበት ማለት ነው።

መሰላሉ ላይ ሆኖ ለጠየቀኝ ልጅ፦ አይደለም፣ እያባከናችሁ አይደለም። ናስትሮውን ግን ደርበህ ጠምጥመው።

ጸሐፊውም ቢመጡ ደስ ይለኛል። ገመዱን የምናወርደው ጥር 13 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። መንገዱን ጠርገን፣ ባንዲራውን ለእጥበት ለይተን፣ ገመዱን በየጣውላው ጠምጥመን ካርቶኑ ውስጥ እንመልሳለን። መሰላሉ ከሱቁ ጀርባ ነው። ከሥር የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ያጥረናል።